የወንድሜ ኮት ቀዳዳ

ወንድሜ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ “ቆጣሪው” ይለዋል። “ከሩቅ ሲያዩኝ መብራት የሚያጠፉ ሰዎች አሉ፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው እኔ ሳየው ብቻ ይመስላቸዋል” እያለ ያስቀን ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ስለሚዞር ጫማ አይበረክትለትም፤ ኮቱ ግን ስድስት ዓመት ቆይቷል። የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ግራጫ ሱፍ ነው፤ ለደብተሩ ብዬ የውስጥ ኪሱን ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከስፌት ቤቴ ዝቅ ብሎ ያለውን ዜብራ ሲሻገር መኪና ገጨውና ጥሎት ሄደ። ያየችው መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጠው ሴት ብቻ ናት። መኪናው ሰማያዊ እንደነበር እንጂ ታርጋውን አልያዘችም። እሱን አየሁ እንጂ መኪናውን መች አየሁ አለች። እኔም ብሆን እሱን ነበር የማየው።

ሆስፒታል ስደርስ አልፏል። ነርሷ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ለፖሊስ መቆየት ያለበት ነገር ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።

እናታችን የምትኖረው ሩቅ ነው፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ትደርሳለች። ገና ከመቀመጧ ኮቱን አምጡልኝ እንደምትል አውቃለሁ። ኮቱ ቀኝ ጎኑ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተቀዷል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆበታል። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፤ በልብስ ሰፊ ቤት ቀዳዳ ልብስ አያድርም። ለቀስተኛው ሳሎን ተቀምጦ ሳለ እኔ ጓዳ ገባሁ። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩ፣ ቀለሙን በቤንዚን አስለቀቅኩ፣ የተበጣጠሰውን ጫፍ በመቀስ ከርክሜ ጣልኩ። በካውያ አድርቄው ከግርጌው ትርፍ ጨርቅ ክር እየመዘዝኩ ቀዳዳውን ዘጋሁት። እያለቀስኩ ነው የሰፋሁት፤ ስፌቱ ግን አልተዛነፈም።

እናቴ ኮቱን አቅፋ ስትቀመጥ ደግ የሠራሁ መሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የትራፊክ መርማሪው ስፌት ቤቴ መጣ። ፊቱ ተጎድቶ ለጥገና ጋራዥ የገባ ሰማያዊ መኪና አግኝቷል። ሹፌሩ የግቢዬን በር ነው የገጨሁት ብሏል።

“ግድ የለም እህቴ” አለ መርማሪው፤ “ሱፍ ላይ የቀረ ቀለም አይዋሽም። ልብሱን ስጪኝ።”

ኮቱን አመጣሁለት። ገልበጥ አደረገው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው፣ ገበሩን ሳይቀር ዳሰሰ።

“ይሄ ሌላ ነው እንዴ?”

“ራሱ ነው። አጥቤ ሰፋሁት።”

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የከረከምኩትን ቁርጥራጭ የት እንዳደረግኩት ጠየቀኝ፤ የቆሻሻ ጋሪው ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ኮቱን በጥንቃቄ አጣጥፎ፣ በእጁ ደገፍ አድርጎ ይዞት ሄደ።

ችሎት ላይ ዳኛዋ ኮቱን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግታ ቀዳዳውን እንዳሳይ አዘዘችኝ። በዓይኔ ፈለግኩት፤ አጣሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫፍ ነው ያገኘሁት። ዳኛዋ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች፤ አልታያትም። የሹፌሩ ጠበቃ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ እኮ ደህና ኮት ነው” አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሹፌሩ አልሳቀም፤ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቼ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የት ጋ እንደነበር እንኳን አይታወቅም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሹፌሩ በማስረጃ እጦት በነጻ ተሰናበተ። ኮቱን መለሱልኝ። አትክልት ሻጯ ደጅ ላይ እጄን ይዛ አይዞሽ እትዬ አለችኝ።

እናቴ ከለቅሶው ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ እግሯ ስለማይረዳት ቤት ቀርታ ነበር። ውሳኔውን ነገርኳት። የኮቱንም ነገር ነገርኳት፤ ተቀዶ እንደነበር እስከዚያ ቀን አታውቅም። ዓይኗ ደክሟል፤ እጇን በኮቱ ጎን ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

“እዚህ ጋ ነው?”

“እሱ ነው እማዬ።”

“እኔ እንዳላይ ብለሽ ነው?”

እጄን በእጇ ላይ አደረግኩ።

“ምላጭሽን አምጪ” አለች። “ተርትሪው።”

የአባቴን ሕግ አስታወስኳት። እሱ ቢኖር ኖሮ ራሱን አስተረትረው ነበር አለች። ያችን አንድ ስንዝር ለመተርተር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ስሰፋት እንኳን እንዲህ አልከበደችኝም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የሚወጣውን ክር አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ትቀበል ነበር።

አሁን ኮቱ ከነቀዳዳው ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ ያይና፣ ይቺን ረስተሻታል ይለኛል። አልረሳኋትም እላለሁ።