የበሩ ጃንጥላ

ፍቅረማርያም ይሉኝታን ከወሎ እስከ ኦሃዮ ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። ሻንጣው ሱዳን ጠፍቶበታል፤ ይሉኝታው ግን አልጠፋም። ኦቤትስ በሚባል ሰፈር በሚሠራበት መጋዘን ከአለቃው ጋር ሲከራከር አንበሳ ነው። ቤተክርስቲያን ሲገባ ግን አንዲት ባልቴት ፊቷን ብታጨፈግግበት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣል። እንግዲህ በኮሎምበስ ከተማ የሊንደን ሰፈር ቤተክርስቲያን ምእመናን የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው የመረጡት ይህንን ሰው ነው።

ሕንፃው ከአሜሪካኖች የተገዛ አሮጌ ቤት ነው። ውስጡ ተስተካክሏል፣ መቅደሱ ተለይቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል። የቀረው በሩ ነበር። ታቦት ሲወጣ ዝናቡም በረዶውም ቀጥታ ካህናቱ ላይ ስለሚወርድ፣ በበሩ ላይ ከለላ፣ እነሱ ፖርች የሚሉት፣ እንዲሠራ ተወሰነ። ፍቅረማርያም ይሄኔ ደረቱን ነፍቶ፣ «ዲዛይኑን ለልጄ ተዉት! ሀሴት አርክቴክቸር እየተማረች አይደል?» አለ። ማንም አልጠየቀውም፤ በገዛ አፉ ነው ያለው።

የኮሮና ክትባት በመጣበት በፈረንጆቹ 2021 ጸደይ ነው ነገሩ። ሀሴት ትምህርቷን ከቤት ሆና በኮምፒውተር ትከታተል ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቷ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ሥራ ላይ ሳለች የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወልውላ ሥዕሏን ዘረጋችው። አባትየው መነጽሩን ፈልጎ መጣ።

አራት ቀጫጭን ምሰሶዎች ቆመዋል። በምሰሶዎቹ መካከል ጠርዛቸው እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመ ቅስቶች አሉ። ከላይ ሰፊ ክፈፍ፣ ከክፈፉ በላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጉልላት ተቀምጣለች። ፍቅረማርያም ሥዕል አይገባውም፤ ግን ማማሩ ገባው።

«ምንድነው ይሄ?» አላት።

«ጃንጥላ።» ሀሴት አማርኛዋ ይሰባበራል። ይቺን ቃል ግን አስቀድማ ተዘጋጅታባታለች።

ኮምፒውተሯን አዙራ በቀይ ድንጋይ የታነጸ አንድ የሕንድ ቤተ መንግሥት አሳየችው። «አክባር የሚባል ኢምፐረር ነው ያሠራው፣ ዳድ። እሱ ሙስሊም ነው። ግንበኞቹ ግን ብዙዎቹ ሂንዱ ናቸው። ሶ፣ ሁለቱንም ሚክስ አደረጓቸው።» እጇን እያወናጨፈች አስረዳችው። ቅስቱና ትልቁ ጉልላት ከሙስሊሞቹ መጣ። ምሰሶና አግዳሚው፣ ከምሰሶው ራስ ላይ እንደ ክንድ ወጥቶ ክፈፉን የሚሸከመው ደጋፊ ደግሞ ከሂንዱዎቹ መቅደስ መጣ። በአራት ምሰሶ ላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ጉልላት ሕንዶቹ ቻትሪ ይሏታል፤ በቋንቋቸው ጃንጥላ ማለት ነው። የሂንዱ ነገሥታት ለሙታናቸው መታሰቢያ ይሠሯት ነበር፤ ሙስሊሙ ንጉሠ ነገሥት ወደዳትና ከቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ አወጣት።

«እኛ ደግሞ ታቦት ሲወጣ ጃንጥላ እንይዛለን፣ ራይት? ስለዚህ በሩ ራሱ ጃንጥላ ይያዝ አልኩ።»

ፍቅረማርያም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያደገባት መንደር ትዝ አለችው። መስጊድ ሲከደን ክርስቲያኑ ሣር ተሸክሞ ይመጣል፤ ቤተክርስቲያን ሲታነጽ ሙስሊሙ ድንጋይ ያግዛል። ይህንን ሁሉ ነገራት። «የሩቅ አገር ነገር እኮ አይደለም ይሄ፣ የኛው ነው!» ብሎ ግንባሯን ሳማት። «ግሩም ነው። አንዲት መስመር እንዳትነኪ!»

ወዲያው ለሙክታር ኮል አድርጎ ሥዕሉን እንደወደደው ነገረው። ሙክታር የዚያችው መንደር ልጅ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ለሰው ቤት በረንዳና ፖርች እየሠራ ይኖራል። «እንጨቱን ግዙ እንጂ የእጄን አልቀበላችሁም» አለ። «አባቶቻችን መቼ ተከፋፍለው ያውቃሉ?»

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ነበር። ሰዉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ወንበሩ ተራርቆ ተቀመጠ። ሙክታርም በሩን ለመለካት መጥቶ ስለነበር ሜትሩን ይዞ ከኋላ ቆመ። ሀሴት ከአባቷ ጋር ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደችውን አማርኛ ይዛ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «እንደምን አላችሁ» ብላ ጀመረች፤ ብዙም አልገፋች።

እትዬ ብርነሽ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱት። በደብሩ መጀመሪያ የሚለግሱም መጀመሪያ የሚናገሩም እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይሄ ነገር መስጊድ አይመስልም?»

ሳቅ ሆነ። አንዱ ከኋላ፣ «አዛን የሚልበት ብቻ ነው የቀረው!» ብሎ ጨመረበት፤ ይባሱን ሳቁ። ሀሴት ወደ አባቷ ዞረች። አልፈራችም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች። እሱ ተነስቶ «እኔ አይቼዋለሁ፣ ላስረዳችሁ» እስኪል ነው የምትጠብቀው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር።

ፍቅረማርያም ተነሳ። ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል።

«ልክ ነዎት፣ እትዬ ብርነሽ» አለ። «እኔም ነግሬያት ነበር። ይሄ የእስላም ቤት ነው፣ የኛ አይደለም ብላት አልሰማ አለችኝ። የዘመኑን ልጆች ታውቋቸው የለ! ኢንተርኔት ያሳያቸውን ሁሉ መቅደስ ማስገባት ነው።» ሳቁ አሁን ከእሱ ጋር ሆነ። ሞቅ አለውና ጨመረ፣ «እኔ ቆሜ እያለሁ ለቤተክርስቲያናችን የመስጊድ በር አይገጠምም!»

አጨበጨቡለት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እምዬስ ትልቅ ሰው ናት፣ ትችለዋለች፤ ይሄ ግን የራሱን ፍርሃት የለከከው ልጁ ላይ ነው። አሳፋሪው ደግሞ ውሸቱ ሳይደነቃቀፍ መውጣቱ ነው። ለአፍታም ጣፍጦታል።

ሀሴት ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ቀስ ብላ አንስታ ጠቀለለችው። ሙክታር የበሩን ቁመትና ስፋት ለካ፣ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተሰናበተ፣ ወጣ።

በክሊቭላንድ ጎዳና ወደ ቤት እየነዳ፣ «ሀሴትዬ፣ ሰዎቹን ላብርድ ብዬ ነው እኮ» አላት።

«ኢትስ ፋይን፣ ዳድ።»

ብታለቅስ ያባብላት ነበር፤ ብትቆጣም ይለማመጣት ነበር። «ፋይን» ለሚባል ነገር ግን ምን ይደረጋል? አፈረ። በኋላ ይለቀኛል ብሎ ነበር፤ አልለቀቀውም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየቆጠረ ሳለ ትዝ ይለውና ብቻውን ፊቱ ይግላል። እናቷ «ልጅቷ ምን ሆናለች?» ስትለው «ፈተና ይሆናል» ይላታል፤ ይኸውና ሌላ ውሸት።

ሙክታርን ፍለጋ የሥራ ቦታው ድረስ ሄደ። ሙክታር የሆነ ሰው በረንዳ ላይ ጣውላ እየመታ ነበር። ፍቅረማርያም ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «የዚያን ዕለት ያልኩትን ነገር...» ብሎ ጀመረና ተንተባተበ።

ሙክታር መዶሻውን አስቀመጠ። «ፍቅሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መስጊድ መምሰል ይህን ያህል ነውር ነው እንዴ?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀው፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ፍቅረማርያም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አባትህ የኛን መስጊድ ሲከድን ሣር ያቀብለው የነበረው አባቴ ነው» አለ ሙክታር። «ይሄ ምን ይመስላል ሲሉ አልሰማሁም።»

«አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

«እኔን ተወኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ለልጅቷ ነው። ሥዕሉን አይተህ ወደኸው እንደነበር ተናገርላት። ቤት ውስጥ እንዳይሆን ደግሞ። ሰው ፊት የወሰድክባትን ጓዳ ውስጥ አትመልስላትም።»

«ማርያምን፣ እናገራለሁ» አለ ፍቅረማርያም። ፖርቹ ሲመረቅ፣ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ሊናገር ማለ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሀሴት አዲስ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሁለት ቋሚና ባለሦስት ማዕዘን ጣራ ነው። ሊንደን ውስጥ ማንም ቤት ደጃፍ ላይ ያለው ዓይነት። ቅስት የለም፣ ጉልላት የለም፣ ከምሰሶ ወጥቶ የሚሸከም ክንድ የለም።

«ያኛውስ?» አላት። «ያኛውን ወድጄው ነበር እኮ፣ ሀሴትዬ።»

«ይሄ ሴፍ ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ኮሚቴው ሥዕሉን ወዲያው አፕሩቭ አደረገው። እትዬ ብርነሽም፣ «እሰይ፣ አሁን የኛን መሰለ!» አሉ። የማንን እንደመሰለ እግዜር ይወቀው። ሙክታር የአሜሪካንን በጋ ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣ ገጠመው። ሳንቲም አልተቀበለም። ሀሴት ስትመጣ እየጠራ አንዳንድ ነገር ያማክራት ነበር፤ እሷም ከእሱ ጋር ስታወራ ትስቃለች። ፍቅረማርያም ሳቋን መኪናው ውስጥ ሆኖ ይሰማል።

የምረቃው ዕለት መስከረም ጠብቶ ነበር። ቄሱ ጠበል ረጩ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ፍቅረማርያም የሚናገረውን መጋዘኑ ደጃፍ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲለማመድ ነው የሰነበተው። «ሥዕሉን ግሩም ነው ያልኳት እኔ ነኝ፤ እናንተ ስትስቁ ግን ልጄን ካድኳት።» በቃ፣ ይቺው ናት። ሌሊቱን ጸልዮባታል።

ቄሱ ሀሴትን ወደፊት ጠሯት። የተዘጋጀላትን ነጠላ እትዬ ብርነሽ በእጃቸው አለበሷት። ማይኩን ሰጧት።

ሀሴት ሕዝቡን አየች። አማርኛዋ ዛሬ አልተሰባበረም፤ ብቻዋን ተለማምዳበታለች። «አመሰግናለሁ» አለች። «ግን ሥራው የእኔ አይደለም። የአባቴ ነው። እኔ እሱ ያለውን ነው የሣልኩት።»

እልልታው ቀለጠ። «ወይ ትሕትና! ወይ አስተዳደግ!» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ አንገቷን አቅፈው። በልጅቷ ፊት ላይ ቂምም ሽሙጥም የለም። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ፍቅረማርያም ዘንድ ደረሰ። ሁሉም ዞረው አዩት፤ የግቢው ሰው ሁሉ ፊት ፈክቷል።

ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ሙክታር ራሱ ያቆመውን ቋሚ ተደግፎ ያየዋል። ሀሴትን ፈለጋት። የዚያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ እንዳየችው ብታየው፣ አንዴ ብቻ ብትጠብቀው ይናገር ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንዲያ ይላል። እሷ ግን ምንም አትጠብቅም። ከሰዉ ጋር አብራ፣ ለማታውቀው እንግዳ እንደሚጨበጨብ፣ በጨዋ ደንብ ታጨበጭብለታለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ፍቅረማርያም። «የአቅሜን ነው።»