ምንጣፉን አቁሙት

ክረምቱ ክፉ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ጀመረ፤ ከጀመረ ወዲያ ደግሞ አላባራ አለ። የድብ ባሕር ገብስ በቆመበት በሰበሰ። የደባርቅ መንገድ ተናደ። ጎንደር ላይ እህል ተወደደ፤ ሰውም በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሆነ። ጥምቀት ሲቃረብ የተፈራው ይህ ቁጣ ነበር።

በታኅሣሥ የፖሊስ አዛዦች ለሥልጠና ተሰበሰቡ። የሚማሩት ሕዝብ በበዓል ሲወጣ እንዴት እንደሚመራ ነው። እኛ የጎንደር አራዳ ሰፈር ሰዎች ሕዝቡን ሆነን እንድንጋፋ ተጠራን። ደስ ብሎን ሄድን። ፖሊስን በፈቃድ መግፋት ሁልጊዜ አይገኝም።

አሠልጣኙ ኮማንደር ልዑልቃል በገመድ ጠባብ መንገድ ሠራ። የሰንበት ተማሪዎች እንደ ልማዳቸው ምንጣፍ ከፊት እያነጠፉ፣ ከኋላ እየጠቀለሉ ያልፋሉ። ታቦት ተሸካሚውን የሚሆኑት ሽማግሌው ቄስ አባ ሐብተ ማርያም ናቸው። በታቦቱ ፈንታ በአናታቸው እንዲሸከሙት በርጩማ አመጡላቸው።

«በርጩማ ታቦት አይሆንም» አሉ። «ጥላውን ብቻ ያዙልኝ።»

መጀመሪያ ያዘዘው ኮማንደር ይባረክ ነው።

«ፊተኞቹ ፍጠኑ!» አለ።

ፊተኞቹ ፈጠኑ። ክፍተት ሲያይ ኋለኛው ሮጠ። እኔ ከገመዱ ሥር ተገኘሁ።

«አያ ማንያዘዋል፣ ሞቱ እንዴ?» አለኝ ይባረክ።

«ሞቻለሁ። ተዝካሬን ፖሊስ ያውጣ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይባረክም ሳቀ። ቀጥሎ ተራው የኮማንደር ሰርካለም ሆነ። እኛ ስንጋፋ አየችን፤ አልጮኸችም።

«ምንጣፉን አቁሙት» አለች።

ልጆቹ ማንጠፍ አቆሙ። ጥላው ቆመ። እኛም ቆምን።

«ሕዝቡ ቢቆጣስ?» አለ ልዑልቃል።

«ታቦት ከምንጣፍ አይወርድም። ሲቆም ይዘመራል፣ እልል ይባላል። እኔ በዚያ መሐል ኋላውን በጎን አስወጣለሁ።»

«ማን አስተማረሽ?»

ወደ አባ ዞረች።

«እሳቸው። ልጅ ሆኜ ከግንብ ጋር ተጣብቄ ትንፋሼ ሲያጥር፣ ታቦቱን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ሕዝቡ ቆመ፤ እናቴ ጎትታ አወጣችኝ። ሰልፉን አቋረጡ ተብለው ተገሠጹ። ያ ዕዳ አለብኝ።»

«እኔ አላስታውስም» አሉ አባ።

በበዓሉ ዕለት ታቦታቱ በግንቡ ሥር የሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ለሰርካለም ተሰጠ።

በጥምቀት ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ እኔና አባ ከግንቡ ጥግ ነበርን። እሳቸው ጉልበታቸው ስለደከመ መሸከም ትተዋል። ከኋላ ጩኸት ተነሣ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ መጣ። ደረቴ ከድንጋዩ ተጣበቀ። የአባ መቋሚያ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከንፈራቸው ጠቆረ።

ሰርካለም ከግንቡ ላይ ቆማለች። ብዙ መኮንኖች ወደ እሷ ይጮኻሉ። ሬዲዮዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ምንጣፉን አቁሙት። ኋላው በግራ ይውጣ።»

ምንጣፉ ቆመ። ታቦቱ ቆመ። እልልታ ቀለጠ። ግፊቱ ከደረቴ ላይ ቀስ በቀስ ተነሣ። ቀና ስል ኋላው በግራው መንገድ እየሳሳ ነው። የወደቀ ሰው አላየሁም።

ወርዳ አባን በብብታቸው ደገፈቻቸው። ጥቂት ተነፈሱ፤ ፊቷን አዩ።

«ቢጫ ቀሚስ ነበር የለበስሽው» አሉ።

«አዎ፣ አባ። ዕዳዬን ይቀበሉኝ።»

«ተቀብያለሁ፣ ልጄ። የተሰበረው መቋሚያዬ ዕዳ ግን ለብቻው ነው።»