ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ

…አፍሽ የት ሄደ፣ ተናገሪ እንጂ፣ ትላለች ለራሷ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ በግምጃ ቤቱ በር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ወገቧ ተቆርጧል፣ አንቀልባው ትከሻዋን ይበላዋል፣ የነሲባ ልጅ ጀርባዋ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ እናቱ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ላይ ናት፣ እንደሌሎቹ እናቶች፣ የሁሉንም ልጆች በክፍያ የምትጠብቀው እሷ ናት፣ በራሷ ኪራይ ቤት፣ የሥራ ግብሯን ከፍላ ደረሰኝ ከያዘች ማንም ከዚያ አይጎትታትም፣ እና እትዬ ወለተሐና፣ የድሮ እመቤቷ፣ ከየት መጡ፣ የመሬት ግብር ሊከፍሉ፣ ምን አለ ነገ ቢመጡ።

የሺዬ! አንቺም ግብር? ይላሉ እትዬ፣ ጸሐፊው ይስቃል፣ ልጅ ማዘል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው፣ ሰልፈኛው ያስካካል፣ ያስካካ። እትዬ ግን አይስቁም፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናት ጌታው፣ ሥራውም የኔው ነው፣ በኔ ስም ይቆረጥ።

በሳቸው ስም። ከተቆረጠ አለቀ፣ ነገ ቤቱም የሳቸው፣ ሥራውም የሳቸው፣ እሷም ያቺው የጓዳ የሺ፣ የሺ ውኃ፣ የሺ እሳት፣ ከደነባ የመጣች ዕለት ነው ስሟን የቀየሩት፣ ያንቺማ ይረዝማል፣ የሺ ብዬሻለሁ፣ ከትምህርት ቤት አስቀርተው ልጃቸውን አሳዘሏት፣ እና ማን ነው ማንን ያሳደገው?

አይ እትዬ።

ማን ተናገረ፣ እሷ ናት፣ የራሷ ድምፅ ነው፣ አይ እትዬ፣ የማዝለው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ ጌታዬ በስሜ ይጻፉልኝ፣ አመተ ማርያም ገብረ ሕይወት። ጸሐፊው ቀና ይላል፣ አሠሪሽ ናቸው? ድሮ ነበሩ ጌታዬ። እንግዲያ እርስዎን ምን አገባዎት እመቤቴ፣ ይላቸዋል፣ እትዬን! አንቺ ክፈይና ውጪ ጠብቂ፣ ትጠሪያለሽ።

ከፍላ ታዛው ሥር ትቆማለች፣ ዘበኛው ደረሰኝ ይዞ ብቅ ይላል፣ አመተ ማርያም ገብረ ሕይወት! ዞር ብላ ሴትዮዋን ትፈልጋለች። ምን ዓይነቷ ደንቆሮ ናት፣ ሰው እየጠራት፣ ትላለች በሆዷ። አመተ ማርያም ገብረ ሕይወት! ሴትዮዋ የለችም እንዴ፣ ልመልሰው?

ገብረ ሕይወት። አባባ። የኔ አባት እኮ ነው፣ ወይ ጉዴ፣ እኔ እኮ ነኝ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ፣ እትዬ ከበሩ ጥግ፣ አንቺ የሺ፣ ሊሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ትቀድማቸዋለች፣ አቤት! ግቢው እስኪያስተጋባ፣ የነሲባ ልጅ ባንኖ ይጮኻል፣ ይጩኽ፣ እሹሩሩ የኔ ጌታ፣ አቤት፣ መጣሁ፣ አለሁ፣ አቤት