ስለ ሀብቴ ክንድ

በ1959 ዓ.ም. የሆሳዕና ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር፤ የሥራ ማስታወቂያውን በታይፕ የመታሁት እኔ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጣቢታ ነኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንደ ታላቅ ወንድሜ እንደ ባፈና ሀዲይኛንም አማርኛንም አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በሌሞ አገራችን የለም። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው።

የማመልከቻው ቅጽ «ከዚህ በፊት ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ይላል። «የለም» ብዬ መታሁ፤ ባፈናም አንብቦ ፈረመ። የዋሸን አልመሰለንም።

ይህ ከመሆኑ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባፈና ሀብቴ ከሚባል ጎረቤታችን ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ክንዱን በዱላ ሰበረው። አንድ ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሽማግሌዎች አስታረቋቸውና ሁለቱም ቤተሰቦች ነገሩን ዳግመኛ ላያነሱ ማሉ። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ያ ነገር አልተደረገም፤ አለቀ። አሁን የማወራው ኋላ ስለተፈቀደልኝ ነው።

ባፈና ለቅጥሩ የሰጠው የጣት አሻራ ውጤት የድሮውን ፍርድ ይዞ ከፖሊስ ሲመጣ ዳኛው አቶ ሰይፈሥላሴ ጠሩኝ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ ቁጣቸው ቅርብ ነው።

«ወንድምሽ ዋሽቷል» አሉኝ። «የሚዋሽ አስተርጓሚ ደግሞ ንጹሕ ሰው ያሳስርብኛል።»

የእርቁን ነገር ለማስረዳት ተንተባተብኩ። እሳቸው ግን ተበዳዩ ራሱ ይምጣ አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሀብቴ በጋሪ መጣ። አማርኛ አያውቅም። ዳኛው ባፈናንና ሀብቴን ተራ በተራ አይተው፣ «እሱ ራሱ ያስተርጉም» አሉ። «አንቺ አድምጪ። አንዲት ቃል ቢጨምር ወይም ቢያጎድል ትነግሪኛለሽ።»

«ክንድህን ማን ሰበረው?»

ባፈና ጠየቀው። ሀብቴ የተጣመመ ክንዱን ጭኑ ላይ እንዳሳረፈ መለሰ።

«‹ማንም አልሰበረውም› ይላል» አለ ባፈና።

ዳኛው መዝገቡን በጣታቸው ደበደቡት። ሀብቴም በተራው ተቆጣና የሀዲይኛ መዓት አወረደ። ልብ ያለው ሰው ይህን አለሳልሶ ያልፈዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«‹ይሄ ሰውዬ ትምህርት እንጂ አስተዳደግ አላገኘም› ይላል» አለ ባፈና ቀጥ ብሎ ቆሞ። «‹ሽማግሌ የቀበረውን እንደ ጅብ ይቆፍራል። ይሄ ባፈናም ድሮም ደደብ ነበር፤ ለሥራ ብሎ እዚህ ድረስ አስጎተተኝ› ይላል።»

ዳኛው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ብሏል?»

«ብሏል ጌታዬ።»

«ጅቡንም?»

«ጅቡንም።»

የቀድሞው አስተርጓሚ ሰው ዳኛውን ሲሰድባቸው «ያመሰግንዎታል» እያለ እንደሚያልፍ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለካ እሳቸውም ያውቁ ኖሯል። መነጽራቸውን አውልቀው ባፈናን አተኩረው አዩት።

«አሁን ካንተ ልስማ። ሰብረሃል ወይስ አልሰበርክም?»

ዝም ቢል ውሸታም ተብሎ ሥራው ይቀራል፤ ቢናገር መሐላው ይፈርሳል። ባፈና ወደ ሀብቴ ዞረና ጥያቄውን እንዳለ በሀዲይኛ ነገረው። ሀብቴ ክንዱን ቁልቁል አየ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«‹ንገረው› ይላል» አለ ባፈና። ከዚያም ወደ ዳኛው ዞረ። «ሰብሬዋለሁ ጌታዬ። እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ሥራ ጀምር» አሉ ዳኛው።

ልጮህ ስል ሀብቴ፣ «ምን ተባባላችሁ?» ብሎ በሀዲይኛ ጠየቀ። ባፈና ለዳኛው የተናገረውን ለሀብቴ ፊት ለፊት ብሎት አያውቅም፤ አሁን ግን መተርጎም ሥራው ሆኗል።

«ክንድህን የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው» አለው።

«ሥራውስ?»

«ሰጡኝ።»

ሀብቴ ተነሥቶ በዚያችው በተጣመመች ክንዱ የባፈናን አንገት አቀፈ። እኔም እዚያው ችሎት ውስጥ እልል አልኩ፤ ዳኛውም አልተቆጡኝም።