ከእሷ እጅ ካልሆነ

ልጅቱ ለክረምት ትምህርት ባሕር ማዶ ከሄደች ወዲህ፣ አያቷ የልብ ኪኒናቸውን አልውጥም ብለው አስቸገሩ። ድሮም ከእሷ እጅ ካልሆነ አይቀበሉም፤ ሽማግሌ ሲያኮርፍ ታውቁ የለ! ሐኪሙ ደግሞ መቋረጥ የለበትም ብሏል። ቢቸግራት እናቷ በምስል ደወለችላት።

«አባባ፣ በሞቴ አፍዎን ይክፈቱ» አለች ልጅቱ፣ መዳፏን ወደ ስልኩ ዘርግታ።

እንደ ጫጩት ከፈቱ። እናት ኪኒኑን ቀስ ብላ ልታጎርሳቸው ስትል፣ ጣቷ ከንፈራቸውን ሲነካ ግን፣ እንትፍ!

«ልታሞኙኝ ነው? ይሄ የእሷ እጅ አይደለም!»

«ነይ እንጂ፣ አውቶቡሱ ጥሎሽ ሊሄድ ነው!» አሉ የልጅቱ ጓደኞች ከማዶ፣ ከመኝታ ክፍሏ በር ላይ ሆነው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ...»

«ድምፅሽንማ ሰማሁ፣ የኔ እናት። እጅሽ የታለ?»

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። አያት እንደገና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። እሷም የዘረጋችውን መዳፍ ምን ታድርገው?