ለሚካኤል የተፈታ ፀጉር

"ጠንከር በል! መጣ፣ መጣልህ!" አለ ታረቀኝ፣ ብሩሹን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ እየሳበ።

የመጣው ግን ብሩሹ ብቻ አልነበረም። እንዳላማው ጥርሱን ነክሶ እንደተቀመጠ መኻል አናቱ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ታረቀኝ ከነብሩሹ ተንገዳግዶ ምሰሶውን ተደገፈ። በብሩሹ የሽቦ ጥርሶች መካከል እፍኝ የሚሞላ ጥቁር ፀጉር ተሰክቷል። ሥራነሽ የባሏን ፀጉር እንደዚያ ስታየው ብድግ አለች።

"ኧረ በሚካኤል! ሰበርከው እኮ!"

"እኔ አልሰበርኩትም። ብሩሹም አይሰብርም። የጣሊያን መኮንን ሲያበጥርበት የኖረ ብሩሽ ነው፣ ከማርቆስ ምሽግ በገዛ እጄ ያመጣሁት! ፀጉሩ ነው የደረቀ።"

ታረቀኝ ጎረቤታቸው ነው፤ ልቡ ቀና፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ። ጣሊያን የማርቆስን ከተማ ለቆ የወጣ ሰሞን ሰው ሁሉ ወደ ምሽጉ ሲሮጥ እሱም ሮጠ፤ ሌላው ብርድ ልብስና ቆርቆሮ ተሸክሞ ሲመለስ እሱ ይህችን ብሩሽ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሰው ሁሉ ካላበጠርኩህ እያለ መንደሩን አስመርሯል።

እንዳላማው አልተቆጣም። ጋቢውን ከትከሻው ስቦ እስከ ቅንድቡ ተከናነበና "በቃ ተዉት። ነገ አልሄድም" አለ።

"የት ነው የማትሄደው?" አለች ሥራነሽ፣ የት እንደሆነ እያወቀች።

"ሚካኤል።"

ወይ ጉድ! እሱና የልጅነት ጓደኛው ፈንታ ዱር ሲገቡ በዚሁ በሚካኤል ደጅ ቆመው ተስለው ነበር። አገር ነጻ እስክትወጣ ፀጉራቸውን ምላጭና መቀስ አይነካውም፤ ሚካኤል በሕይወት ከመለሳቸው በበዓሉ ቀን ጎፈሬያቸውን አበጥረው ደጁ ላይ ቆመው ያመሰግናሉ፤ የሚላጩትም ያን ጊዜ ነው። ስለቱን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ፈንታ አልተመለሰም። እንዳላማው ግን ይኸው ተመልሷል፣ ሚካኤልም ነገ ነው፣ የሰውየው ፀጉር ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ ሚዶ የማይገባበት ሆኗል። በመቀስ እንዳይቆረጥ ስለቱ አለ። እንደ ታረቀኝ እየጎተቱ ካወጡት ደግሞ ነገ ይዞት የሚቆመው ፀጉር አይኖርም።

ሥራነሽን ያስፈራት ግን ፀጉሩ ብቻ አይደለም። ባሏ ከተመለሰ ጀምሮ ከግቢ አልወጣም። እንኳን ደስ አላችሁ ሊል የመጣውን ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የተቀበለው። የባሰው ነገር፣ የፈንታ እናት ቤት ከጅረቱ ማዶ ወለል ብሎ እየታየ ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። ሰው ማማት ጀምሯል። ነገ ስለቱን ካስቀረ ማን ያወጣዋል ከዚህ ቤት? እግዜር ባሏን ከነነፍሱ መልሶላት ሳለ ምስጋናው ሊቀርባት ነው።

"ይህን ፀጉር የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው" አለች።

"ማን?" አለ ታረቀኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

"እማማ አሰገደች።"

ጋቢው ውስጥ ያለው ራስ ቀና አለ። "እንዳታደርጊው! በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ልጃቸውን አስቀርቼ መጥቼ፣ ፀጉሬን ይፍቱልኝ ልበላቸው?"

"አንተ አትላቸውም። እኔ ነኝ የምላቸው" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አሰገደች የፈንታ እናት ናቸው። ከይጁቤ እስከ ቁይ ሙሽራ ስትዳር ሹሩባዋን የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ሰርጉ የሚቆረጠው እሳቸው የሚመቻቸው ቀን ተጠይቆ ነው ይባል ነበር። የልጃቸው መርዶ የመጣ ዕለት ፀጉራቸውን ተላጩ፣ ሚዷቸውን ግድግዳ ላይ ሰኩ፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም ራስ አልነኩም። የራሳቸውም ራስ ቅቤ አልቀመሰም፤ ሐዘንተኛ ቅቤ አይቀባም።

ሥራነሽ ጅረቱን ተሻግራ ስትደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። በከል የተነከረች ሻሽ ራሳቸው ላይ ጠብቃ ታስራለች።

"እንደምን ዋሉ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ባልሽ ገባልሽ አሉ።"

"ገባልኝ፤ ተመስገን።"

"እሰይ። እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም" አሉ፣ እንዝርቱን ሳያቆሙ።

ሥራነሽ አጠገባቸው ቁጭ አለች። "አፍሮ ነው" አለች።

"ምን አድርጎ?"

"ብቻውን ተመልሶ።"

አሰገደች እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። "ሞኝ ነው እንዴ!" አሉ። "እሱም ቢቀር ኖሮ የልጄን ነገር ከማን እሰማው ነበር?"

ያን ጊዜ ሥራነሽ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስለቱን፣ የተያያዘውን ፀጉር፣ የታረቀኝን ብሩሽ፣ ነገ አልሄድም ማለቱን። አሰገደች መኻል ላይ አቋረጧት።

"በደረቁ ነው ያበጠራችሁት?"

"በደረቁ።"

"ከየት ጀምራችሁ?"

"ከአናቱ።"

"ይሰበራላ! ምን ይሁን ትያለሽ?" ቁጣቸው ሙሽሮችን የሚቆጡበት የድሮው ቁጣ ነበር። ተነሥተው ገቡ፣ ከእንጨት የተሠራች ሚዷቸውን ከግድግዳው ነቀሉ፣ አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ቅቤ አለሽ?"

"ለበዓሉ ያስቀመጥኳት ትንሽ ለጋ ቅቤ አለችኝ።"

"ይኸው በዓሉ። ነይ እንሂድ።"

ከበሩ ሲገቡ እንዳላማው ብድግ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አሰገደች ክንዱን ይዘው አነሡት፤ አገላብጠው ሳሙት። አላለቀሱም።

"ተቀመጥ" አሉት። "ልቅሶው ይደርሳል። አሁን የመጣሁት ለፀጉርህ ነው።"

ታረቀኝ ደግሞ እስከዚያ አልሄደም። ብሩሹ ያለ ስሙ ስም እንዳይወጣለት ሰግቶ ቆሞ ይጠብቃል። "እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ" አለና አቀበላቸው። "ይህ የመኮንን ብሩሽ ፀጉር ይሰብራል?"

አሰገደች ብሩሹን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከጥርሶቹ ሥር አንድ አጭር፣ ወፍራም፣ ግራጫ ፀጉር በጥፍራቸው መዘው አወጡ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የመኮንኑ ይሆናላ።"

"መኮንንህ ጆሮው ረጅም ነበር?"

ታረቀኝ አልገባውም። አሰገደች ብሩሹን አፍንጫው ሥር ያዙለት። "አሽትተው እንጂ! አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ የበቅሎ ነው!"

ሥራነሽ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላ ሳቅ ሰማች፤ ከጋቢው ውስጥ፣ ጎርነን ያለ፣ ከተመለሰ ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ። ስቃ ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ተመስገን፣ ብሩሹም ተመስገን፣ በቅሎውም ተመስገን አለች በልቧ።

"ለካ ፀጉሩን የሰበረው ብሩሹ የበቅሎ ቢሆን ነው!" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"በብሩሹ አታሳብቢ" አሉ አሰገደች። ብሩሹ ላይ ተሰክቶ ከቀረው የተቋጠረ ፀጉር ቆንጥረው በጣታቸው ወጠሩትና የራሳቸውን ሚዶ ከላይ ከተው ሳቡት። ቀጭ አለ። "ይሄ ሚዶ ነው፣ የኔው ሚዶ። ሰበረ ወይስ አልሰበረም?"

"ሰበረ" አለ ታረቀኝ፣ ደስ እያለው።

ሌላ ቆነጠሩ። በውኃ ነከሩት፣ ቅቤ ነካ አደረጉት፣ ቋጠሮውን በጣታቸው አላሉት፤ ከዚያ ሚዶዋን ከጫፉ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ አስወጧት። ፀጉሩ ተዘረጋ እንጂ አልተበጠሰም። "የኛ ፀጉር ተጠምዝዞ ነው የሚበቅል፤ ጠማማውን ሳታላላ ከሥር ከጎተትከው የወርቅ ሚዶም ቢሆን ይሰብረዋል። ብሩሹን ለበቅሎ ይዘህ ሂድ። ሰው ስታበጥርበት ግን መጀመሪያ ጣትህን አስቀድም።"

ታረቀኝ የተፈረደለትም የተፈረደበትም መስሎት ብሩሹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

አሰገደች ከመደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እንዳላማው መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ ጀርባውን ለጉልበታቸው ሰጠ። ሥራነሽ ለብ ያለ ውኃ በቅል አቀረበች፣ ቅቤውን አቀረበች። ፀጉሩን እያራሱ፣ ቅቤውን በመዳፋቸው እያሟሙ፣ በጣታቸው ከዳር ይለያዩ ጀመር። ከውጭ ያለው የተያያዘው ፀጉር ቀስ በቀስ እየላላ መጣ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ጣታቸው ሲነካው ቀጥ አሉ።

"ሹሩባ ነበር ይሄ" አሉ።

እንዳላማው ጉልበቱን አቀፈ።

አሰገደች ከጆሮው ግንድ አጠገብ አንዱን ጉንጉን በአውራ ጣታቸው ተከትለው ወረዱ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱም ወደ ተቃራኒው ዞረዋል።

አሰገደች ግራኝ ናቸው። ሌላ ሴት ከላይ ወደ ታች የምታሳልፈውን እሳቸው ከሥር ወደ ላይ ነው የሚያሳልፉት፤ የሳቸው ጉንጉን ከሰው ሁሉ ጉንጉን በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ሴት ልጅ ስላልነበራቸው ያንን እጅ ከእሳቸው የተማረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ እያየ ያደገ ወንድ ልጃቸው። ጓደኞቹ በዚህ ሲያበሽቁት ኖረዋል።

"እንዳላማው" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ይሄን ማን ነው የሠራልህ?"

"ያውቁታል እኮ እማማ።"

"ካፍህ ልስማው።"

"ፈንታ ነው" አለ። ከዚያ ቃሉ መጣለት። "ቁይ ገበያ ገብተን የባንዳውን ብዛት እንድናይ ተላክን። በጎፈሬ ከገባን ይይዙናል። ማልዶ ተነሥቶ ጎፈሬዬ እንዳይታይ ራሴን ሹሩባ ሠራልኝ፣ ሻሽ አሰረልኝ። ለሱም ልሥራለት ብል፣ አንተ እጅህ እንጨት ነው፣ እኔ እጠመጥማለሁ ብሎ ሳቀብኝ። ስንመለስ ባንዶቹ መንገድ ላይ አድፍጠው ቆዩን። እሱ እኔን አስቀድሞ ከኋላ ሲከላከል ነው… በቤተ ክርስቲያን ነው የቀበርነው እማማ፣ በካህን ተፈትቶ ነው የተቀበረው፣ በዚህ እንዳያዝኑ።"

ሥራነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም" አለ እንዳላማው። "ጓዶቼ ፍታው፣ ቅማል ያፈራል ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ከእጁ የቀረኝ ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ለእርስዎ ላሳይ ብዬ ይዤው መጣሁ፤ ደጅዎን ሳየው ደግሞ እግሬ እንቢ አለኝ።"

አሰገደች ግንባራቸውን አናቱ ላይ፣ ቅቤው ላይ አሳርፈው አለቀሱ። መርዶው የመጣ ዕለት እንዳለቀሱት አይደለም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ያረፈ ልቅሶ ነው። "ይዘህልኝ መጣህ" አሉ። "የልጄን እጅ ይዘህልኝ መጣህ! እግዚአብሔር ይስጥህ። ወልዶ መሳም ይስጥህ።"

ለቅሶው ሲበርድ ሥራነሽ ቀስ ብላ "አንዷን እንኳ ሳትፈታ እንተዋት እማማ?" አለች።

አሰገደች ጉንጉኑን በጣታቸው ዳበሱ። "አይሆንም" አሉ። "ሁለቱም ነው የተሳሉት። ሚካኤል ደጅ የሚቆመው ተፈትቶ ነው። ግን በሚዶ አልፈታውም፤ በእጄ ነው።"

ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ግድግዳው ዞረች። አሰገደች ልጃቸው የጎነጎነውን አንድ በአንድ፣ እሱ በጨረሰበት ጫፍ እየጀመሩ ፈቱት። ሲፈቱ እንዳላማው የፈንታን ነገር ያወራል፤ ጫካ ውስጥ ወጥ ሲያሳርር፣ ሰዉን ሁሉ ሹሩባ ካልሠራሁ ሲል፣ ያማረች ልጅ ባየ ቁጥር የእናቴ ሙሽራ ትሆናለች እያለ ሲመኝ። አሰገደች አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ እጃቸውን ያቆማሉ። መጨረሻ ላይ ሚዶዋ ከጫፍ እስከ ሥር ያለ ድምፅ አለፈች፤ ጎፈሬው ተነሥቶ ፊቱን ከበበው። መኻል አናቱ ላይ ብቻ ጠዋት የተሰበረበት ቦታ ጎድሎ ቀረ።

"ይቺ የታረቀኝ ናት" አሉ አሰገደች በመዳፋቸው እየመቱለት። "ሚካኤል አውቆ ይቅር ይለዋል።"

"እማማ" አለ እንዳላማው ወደ እሳቸው ዞሮ፣ "ነገ ብቻዬን እንዴት እቆማለሁ?"

"ማን ብቻህን አለህ? በልጄ ቦታ እኔ እቆማለሁ። ስታልፉ ጥሩኝ።"

ሥራነሽ እጃቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ይዛ ቀረበች። አሰገደች መዳፋቸው ላይ የቀረውን ቅቤ አዩት። ጨርቁን በክርናቸው ገፋ አደረጉት፤ የከሉን ሻሽ ወደ ኋላ አንሸራተው፣ ሽበት ብቅ ያለበትን አጭር ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ቀቡት።