አስራ አንድ ጊዜ የወደቀው ደርቤ

"በዚችው መስኮት ነው የሰጠሁህ፤ በገዛ እጅህ ነው የተቀበልኸኝ" አሉ አቶ ደርቤ የመስኮቱን ደፍ በጣታቸው እየመቱ። "መሪጌታ ቃለ አብ ከጎኔ ቆመው ነበር። አንተም 'ግድ የለም፣ እመዘግበዋለሁ፣ ሂዱ' ብለኸናል።"

"አልደረሰኝም፣ አባቴ" አለ መንግስቴ።

ማህደሩን ሲያገላብጥ ይህ ሦስተኛው ነው። የመሪጌታ ቃለ አብ የምስክርነት ቃል በማህደሩ ውስጥ የለም፤ በገቢ መዝገቡም ላይ አልሰፈረም። ደባርቅ ላይ አስራ ስድስት ዓመት በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሪከርድ ክፍል የሠራ ሰው ደግሞ ወረቀት ጠፋብኝ አይልም፣ አልደረሰኝም ነው የሚለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው ግን ይለቃል፣ ለቆም ይክዳል።

"እንግዲህ ዋሸህ በለኛ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ሳያነሱ።

አቶ ደርቤ ከበየዳ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የመጡት። ጎረቤታቸው ገዱ የገብስ ማሳቸውን ድንበር ገፍቶ ከገባ አራት ዓመቱ ነው። የጥንቱን ድንበር አሳምረው የሚያውቁት መሪጌታ ቃለ አብ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ከሁለት ዓመት በፊት በታኅሣሥ ወር እዚህ ድረስ በበቅሎ መጥተው ቃላቸውን ሰጡ፣ ፈረሙ፣ በሰኔ ሞቱ። የይግባኝ ኮሚቴው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰየማል። ያ ወረቀት ካልተገኘ ማሳው የገዱ ነው።

"ጋሽ መንግስቴ፣ እስቲ ረጋ ብለህ ፈልገው" አለ ከኋላ ማንያዘዋል፣ የኮሚቴው ጸሐፊ የሆነው ወጣት የመሬት ባለሙያ።

"ፈልጌ ጨረስኩ አልኩህ እኮ!"

ሽማግሌው ሄደው ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መንግስቴ መስኮቱን ዘጋ። አፉ ካደ እንጂ ልቡ ጠርጥሯል። የዚያን ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ቢሮው ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ያስታውሳል። ትዝ ሲለው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

መንግስቴ የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ባለትዳር፣ የእድር ጸሐፊ፣ ሰው አክብሮ ወንበር የሚለቅለት። ይህ ሰው ብቻውን ሲሆን ጠረጴዛ ላይ ሰው ያታግላል። ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ለቱሪስቶች ምግብ እያበሰለ ሰሜን ተራሮችን ሲወጣ ሲወርድ ነው። ሳንቃ በር ላይ ዝናብ ሦስት ቀን ሲያግዳቸው አንድ ፈረንጅ ጨዋታውን አስተማረው፤ ሲሄድም የጨዋታውን ካርቶን ትቶለት ሄደ። ለእያንዳንዱ ታጋይ አንድ ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ የጉልበቱ ቁጥር አለ። በየፊቱ ነጥብ ያለበት ሁለት ዳይስ ይጣላል። ማን ማንን አንስቶ እንዳፈረጠው፣ ማን እስከ ሦስት ሲቆጠር እንዳልተነሳ በካርዱና በዳይሱ ይታወቃል። በቃ ይኸው ነው።

የመንግስቴ ደስታ ግን መዝገቡ ላይ ነው። ቀኑን፣ የታጋዮቹን ስም፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ አወዳደቁን፣ የተጎዳ ካለ ስንት ሳምንት እንደሚያርፍ ሁሉ ይጽፋል። ሊማሊሞ ብሎ የሰየመውን የአሸናፊነት ቀበቶ ማን ከማን ነጥቆ ስንት ቀን እንደያዘው በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍራል። እንዲህ እያለ ሰባት ወፋፍራም ደብተር ሞልቷል። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ እንዲህ ቢያዝ ኖሮ ማንም ባለጉዳይ ለአንድ ጉዳይ ሁለቴ ባልተመላለሰ ነበር።

የፈረንጁ ካርዶች ሲያልቁ ከማህደር ሽፋን አዳዲስ ቆረጠ፤ ስሞቹንም ከማህደሮቹ ወሰደ። የወደዳቸውን ባለጉዳዮች ብርቱ አደረጋቸው፣ ያሰለቹትን ደካማ። ይህን የሚያውቅ ሰው ከሚስቱ በቀር የለም። ሚስቱም ያወቀችው ፈልጋ አይደለም።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎተተ።

"ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ጀመርህ?" አለች ባለቤቱ ስንቅነሽ የወጡን ሳህን እንደያዘች። "ትናንት ጎረቤታችን እስከዳር 'ባልሽ ጓዳ ገብቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚለው ምንድን ነው' ብትለኝ ምን እንዳልኋት ታውቃለህ? ይሰግዳል አልኋት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

"እባክሽ ዝም በይ፣ ስንቅዬ።"

ወረቀቱን በአራተኛው ደብተር መሃል አገኘው። በፊቱ የመሪጌታ ቃለ አብ ቃል፣ ከሥሩ ደግሞ መስቀል ያለበት ፊርማቸው ነበር። ጀርባው ባዶ ስለነበረ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ተኝቶ ሲያገኘው ውዳቂ ወረቀት መስሎት ነው የጻፈበት። አሁን በጀርባው ከጥር 4 እስከ የካቲት 2 ቀን 2016 የተደረጉ አስራ አራት ግጥሚያዎች በሰማያዊ ተሰልፈዋል። ከግርጌው በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት "ደርቤ ዘበየዳ፦ 11 ጊዜ ወደቀ፤ አንድም አላሸነፈ" ይላል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አፈረ። በጨዋታው ማፈርስ የለመደው ነው፤ ይህኛው ሌላ ነው። ያን የሚያህል ሽማግሌ ፊት ዓይኑን በጨው አጥቦ አልደረሰኝም ማለቱ አሳፈረው። ይባስ ብሎ፣ ወረቀቱን ይዞ ሲነሳ መጀመሪያ ያሰበው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት መሮጥ ነበር፤ ኮፒ አንድ ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሮጠም።

"ይኼ ኮፒ ነው" አለ ማንያዘዋል ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ። "ተገኘ እንዴ? ዋናውስ?"

"ኮፒው አይበቃም?"

"ጋሼ፣ አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ?"

መንግስቴ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። ማንያዘዋል ወረቀቱን ገለበጠና አንብቦ ቀና አለ። "ሬስሊንግ?" ሳቁ አመለጠው፤ የመንግስቴን ፊት ሲያይ ግን ዋጠው። "እሺ። ሌላ ማህደር ውስጥ ገብቶ ተገኘ እንላለን፣ ጀርባውን ነጭ ወረቀት እንለጥፍበታለን።" እጁ ወደ ሙጫው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። "አይሆንም። ገዱ መሪጌታው ቃል ሳይሰጡ ነው የሞቱት እያለ ነው። ገቢ ቁጥር የሌለው ወረቀት ዛሬ ብናወጣ ከቀብር በኋላ የተፈበረከ ነው ይለናል። ምን እንመልሳለን?" እንደገና ገለበጠው። "እነዚህ ቀኖች እውነተኛ ናቸው?"

"አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም" አለ መንግስቴ፤ ወዲያው ኩራቱ ራሱ አሳፈረው።

"ደብተርህ ላይስ አለ?"

"ነጥቡ ወደ ደብተሩ ተደምሯል። ከየካቲት ወዲህ ያለው ደረጃ ሁሉ የቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።"

"እንግዲያው ደብተሩን አምጣ። ሰባቱንም። አንድ ገጽ ትናንት ጻፍኸው ይሉሃል፤ ሰባት ደብተር ትናንት አይጻፍም።"

መንግስቴ ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተና በባጃጅ ተመላልሶ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አመጣ። ቢሮ ከመግባቱ በፊት ግን ባሕር ዛፉ ሥር ቆመ። እዚያ ድረስ እግሩን ጎትቶ ነው የሄደው።

"አባቴ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ወረቀቱ እኔ ቤት ነበር።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉ። በልጅነታቸው ዲቁና ተምረዋልና ፊደል ይለያሉ። ፊቱን አንብበው በመሪጌታው ፊርማ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ ገለበጡት፣ ረጅም ጊዜም አነበቡ።

"ይህ ደርቤ የተባለው እኔ ነኝ?"

"ነዎት። ጨዋታ ነው፤ የትግል ጨዋታ።"

"አስራ አንድ ጊዜ?"

"ዳይሱ ነው አባቴ…" ብሎ ጀመረና ተወው። "አይደለም። ዳይሱ የሚሠራው ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ዝቅ ያደረግሁብዎ እኔ ነኝ። በየጊዜው ሲመላለሱ አሰልችተውኝ ነበር።"

"ገዱ ስንቱን ጣለኝ?"

"ስድስቱን።"

አቶ ደርቤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። "እኔ ስለ ማሳዬ ስመላለስ አንተ እዚያ ውስጥ ከገዱ ጋር ታታግለኝ ኖሯል። ያውም እያስጣልኸኝ።" መንግስቴ መሬት ብትከፈትና ብትውጠው ይወድ ነበር፤ ደባርቅ ላይ ግን መሬቱ ጭንጫ ነው። "ገዱ ዛሬ ይህን ይሰማዋል?"

"ይሰማዋል።"

"በየዳ ገብቶም ያወራዋል።"

"ያወራዋል፣ አባቴ። ከፈለጉ…"

"ተው። መሬቴ ነው፣ እገባለሁ" አሉ በዱላቸው ተደግፈው እየተነሱ። "ብቻ አንተ ወረቀቱን ወርውረህ እንዳትወጣ። ብቻዬን አላፍርም።"

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ብርሃኔ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱንና አራተኛውን ደብተር ጎን ለጎን ዘረጉ፤ ከዚያ አምስተኛውን። ማንያዘዋል እየጠቆመ ነጥቡን አስደመራቸው። አንዱ የኮሚቴ አባል ስለ ሊማሊሞ ቀበቶ ያለውን ገጽ አንብቦ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መንግስቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ላብ አጠመቀው።

"ይገጥማል" አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ በመጨረሻ። "ከየካቲት ጀምሮ ያለው ድምር በሙሉ ከዚህ ወረቀት ነው የሚነሳው። ወረቀቱ በጥር ነበረ ማለት ነው፤ መሪጌታውም ያኔ በሕይወት ነበሩ።"

"ይኸ የልጅ ጨዋታ ነው!" ገዱ ከአግዳሚው ተነሳ። "ደርቤ ወደቀ፣ ደርቤ ወደቀ ይላል እንጂ ምን ያስረዳል? ማን ነው የጻፈው?"

አቶ ደርቤ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም። ወይዘሮ ብርሃኔ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ መንግስቴን የሚያውቁት ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነውና አዘኑለት።

"ለቃለ ጉባኤው 'አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በግል ማስታወሻው የያዘው' ብለን ማለፍ እንችላለን" አሉ። "ዝርዝሩን ማንያዘዋል ያነብልናል። አቶ መንግስቴ፣ እርስዎ ወደ ሥራዎ መመለስ ይችላሉ።"

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፤ ሪከርድ ክፍል ለመድረስ አስር እርምጃ አይሞላም። መንግስቴ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

"የአቶ ደርቤ ስም ተነብቦ የኔ አይቀርም" አለ። "የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ መንግስቴ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳልመዘግብ ቤቴ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት አልደረሰኝም ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ደርቤ የወደቀው ደካማ ስላደረግሁት ነው። ይህ ሁሉ ይመዝገብልኝ።"

ማንያዘዋል ወይዘሮ ብርሃኔን አየ። እሳቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንያዘዋልም መጻፍ ጀመረ። መንግስቴ ከጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን አነሳ፣ አቶ ደርቤ አጠገብ ሄዶ ቆመና ከጥር አራት ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።